ያላለውን አለ እንዳንል



በዚህ ወር ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው የጻፈውን ስናነብ ወይም የተናገረውን ስንሰማ ለዚያ ሰው ምን ዕዳ አለብን? የምንወደውን ሰው ቃል አክብሮ መያዝ ለማንም አይከብድም። የማንስማማበትን፣ አልፎ ተርፎም የሚያስቆጣንን ሰው ቃል ሳንጨምርና ሳንቀንስ የመረዳት ግዴታስ አለብን ወይ? አለብን የምትሉ ከሆነ ግዴታው ከየት መጣ? የለብንም የምትሉ ከሆነ ደግሞ ነገ እናንተ ስትናገሩ ማን አስተካክሎ ይሰማችኋል?

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ የፈተና ልምምድ ነው። በአገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እነዳለሁ። አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ኮሌጅ ጨርሳ ሕግ ለመማር ስትነሣ እናቷ «አንተ አስተማሪ አልነበርክም እንዴ? እስቲ ይቺን ልጅ እያት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የልምምድ መጽሐፉ ከታክሲዬ የፊት ወንበር አይጠፋም። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ አንድ ምንባብ አነባለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጅቱ ጋር ቁጭ ብለን እንወያይበታለን። በመካከላችን ልጆቻቸውን ለዚህ ሞያ የሚያዘጋጁ ወላጆች ስላሉ፣ ያየሁትንና ያሰላሰልኩትን ባካፍላችሁ ይጠቅማል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

በመጀመሪያ ስለ ፈተናው ጥቂት ልበል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኤልሳት የሚባለው የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1948 ነው። ውጤቱ ከ120 ተነሥቶ እስከ 180 ይደርሳል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ድረስ ሰዎችንና ዕቃዎችን በየተራቸው የመደርደር እንቆቅልሽ ያለበት፣ ብዙዎች «የሎጂክ ጨዋታ» የሚሉት ክፍል ነበረው። እንቆቅልሹን ለመፍታት አብዛኛው ተፈታኝ ሥዕል እየሣለ ስለሚሠራ፣ ማየት የተሳናቸው ተፈታኞች ይህ እኛን ይበድላል ብለው ከሰሱ። ክሱ በ2019 በስምምነት አለቀ፤ ክፍሉም ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀረ። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ክፍሎች ሦስት ናቸው። ሁለቱ አጫጭር ክርክሮችን የመመርመር፣ አንዱ አንብቦ የመረዳት ነው። ነጥብ የማይያዝበት አንድ የሙከራ ክፍልም አብሮ ይገባል፤ ተፈታኙ ግን የትኛው እንደሆነ አይነገረውም።

እኔን የያዘኝ አንብቦ የመረዳቱ ክፍል ነው። ጊዜው 35 ደቂቃ ነው። አራት ምንባብ አለው፤ ለአራቱም በጠቅላላው 27 ያህል ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ስለዚህ ለአንድ ምንባብና ለጥያቄዎቹ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ምንባቦቹ ከሕግ፣ ከሥነ ጽሑፍና ከኪነ ጥበብ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስና ከተፈጥሮ ሳይንስ የተውጣጡ ናቸው። ከ2007 ወዲህ ከአራቱ አንዱ ጥንድ ሆኗል፤ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የጻፉት ጎን ለጎን ይቀርብና የት እንደሚስማሙ፣ የት እንደሚለያዩ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ጥያቄ አምስት ምርጫ አለው። ተሳስቶ የመለሰ ነጥብ አይቀነስበትም።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው አንድ ደንብ ነው። ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ የምታውቁት ነገር አይጠየቅም፤ መልሱ ሁሉ ከምንባቡ ውስጥ ይገኛል። ጥያቄዎቹም የጸሐፊው ዋና ሐሳብ ምንድን ነው? ይህን አንቀጽ ያመጣው ለምን ዓላማ ነው? ለጠቀሳቸው ሰዎች ያለው አመለካከት ምን ይመስላል? ከሚከተሉት በየትኛው ይስማማል? የሚሉ ናቸው። «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል ጥያቄ የለም። ልጅቱን በመጀመሪያ ያስቸገራትም ይኸው ነው። በትምህርት ቤት ስለምታነበው ነገር የራሷን አስተያየት እንድትሰጥ ስትበረታታ ኖራለች። እዚህ ግን አስተያየቷን በር ላይ አስቀምጣ መግባት አለባት።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት እንዲመቸን፣ በፈተናው አምሳል እኔ ራሴ ያዘጋጀኋትን አጭር ምንባብ እነሆ፦

«አንዳንድ ተመራማሪዎች የታክሲ ፈቃድ ቁጥር መገደቡ የአሽከርካሪውን ገቢ ይጠብቃል ይላሉ። ይህ አባባል በጥቂት ከተሞች እውነት ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ባለፈቃዱና መኪናውን የሚነዳው የተለያዩ ሰዎች በሆኑበት ከተማ፣ ከገደቡ የሚገኘው ጥቅም ለየትኛው እንደሚደርስ ገና በሚገባ አልተመረመረም።»

ጸሐፊው በየትኛው ይስማማል?

ሀ. ገደቡ ለአሽከርካሪው ፈጽሞ አይጠቅምም።
ለ. የፈቃድ ዋጋ በመውደቁ ብዙ አሽከርካሪዎች ዕዳ ውስጥ ገብተዋል።
ሐ. የፈቃድ ቁጥር በተገደበበት ከተማ ሁሉ የአሽከርካሪው ገቢ ይጠበቃል።
መ. ተመራማሪዎቹ ያሉት እውነት ስለሆነ ሌላ ጥናት አያስፈልግም።
ሠ. ገደቡ ለአሽከርካሪው የሚያስገኘው ጥቅም እንደየከተማው ሊለያይ ይችላል።

መልሱ «ሠ» ነው። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ ይህችኑ ምንባብ ለሦስት የሥራ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። አንደኛው ገና ሳልጨርስ «ይሄ ሰውዬ የኩባንያዎቹ ሰው ነው፤ ገደቡ ይነሣ ነው የሚለው» ብሎ ተቆጣ። ሁለተኛው «የለም፣ ለእኛ ነው የሚከራከረው፤ ባለፈቃዶቹ ደማችንን መጠጡ እያለ ነው» አለ። ሦስተኛው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ኧረ አልተመረመረም ነው እኮ ያለው» አለ። ሁለቱ አላመኑትም። እንደገና እንዳነብ አደረጉኝ።

እነዚህ ሰዎች ማንበብ የማይችሉ እንዳይመስሏችሁ። አንደኛው የመኪና ኪራይ ውል ሲሰጠው እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ ነው የሚፈርመው። ነገር ግን የታክሲ ፈቃድ ነገር ቁስላችን ነው። በኒው ዮርክ ከተማ የፈቃድ ቁጥር በሕግ የተገደበው በ1937 ነበር። የአንዱ ፈቃድ ዋጋ እያደገ ሄዶ በ2014 አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፤ በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ሲበዙ ደግሞ ወደቀ። ፈቃዱን በብድር ከገዙት መካከል ብዙዎቹ እንደ እኛው ስደተኞች ነበሩ፤ ዕዳው በላያቸው ላይ ቀረ። ይህን የሚያውቅ አሽከርካሪ «የታክሲ ፈቃድ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ደሙ ይፈላል። የሚፈላ ደም ደግሞ «ይሁን እንጂ» የሚለውን ቃል አያይም። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ነገሩ ይበልጥ በነካን ቁጥር ይበልጥ አስተካክለን ማንበብ ያቅተናል።

አሁን ወደ ተሳሳቱት አራት ምርጫዎች ተመለሱ። ልጅቱና እኔ ስም አውጥተንላቸዋል። «ሀ» ማጋነን ነው፤ ጸሐፊው በልክ የተናገረውን ልክ አሳጥቶ ማቅረብ። «ለ» የራስን ማልበስ ነው፤ ነገሩ በዓለም ላይ እውነት ቢሆንም ጸሐፊው አላለውም። «ሐ» የሌላውን ቃል ለእሱ መስጠት ነው፤ ተመራማሪዎቹ ያሉትን፣ ያውም አስፍቶ፣ እሱ እንዳለው መቁጠር። «መ» ቆርጦ መያዝ ነው፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ወስዶ «ይሁን እንጂ» ከሚለው ወዲያ ያለውን መጣል። የልምምድ መጽሐፉን ስናገላብጥ፣ ከተሳሳቱት ምርጫዎች አብዛኛዎቹ ከነዚህ ከአራቱ በአንዱ ሥር ሲገቡ አየን።

አንባቢ ሆይ፣ አራቱን ከፈተናው አውጥተህ በኑሯችን ላይ አድርጋቸው። በኮሚኒቲ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ «የሒሳቡ ሪፖርት ቢዘገይም ገንዘብ ጠባቂዋ ደክመዋል፤ ለወደፊቱ ግን በየሦስት ወሩ ቢቀርብ» ይላል። በማግስቱ ስልክ ይደወላል። «ገንዘብ ተበልቷል አለ» ይባላል፤ ይህ ማጋነን ነው። «እሱማ ድሮም ለዚያ ወገን ነው፤ ሴትየዋን ለማስወረድ ነው» ይባላል፤ ይህ የራስን ማልበስ ነው። «ደክመዋል» ያለው ቃል ደግሞ በመንገድ ላይ ተቆርጦ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ሁለት ቤተሰብ አይነጋገርም። ገንዘብ ጠባቂዋ ሥራውን ይተዋሉ። ሰውየው ሁለተኛ አይናገርም። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸ ይሆናል፤ ሆኖም በአንድ ሰው ላይ የሐሰት ምስክርነት ተሰጥቷል። ግዴታው ከየት መጣ ላልኩት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የሰውን ቃል መጥቀስ ምስክር መሆን ነው፤ ምስክርም የሚጠየቀው ያየውንና የሰማውን ብቻ እንዲናገር ነው። ለወዳጅ ሲሆን በእውነት፣ ለጠላት ሲሆን በግምት የሚመሰክር ሰው ምስክር አይባልም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። እነሱን ሳልመልስ ባልፍ የምሰብከውን አለመፈጸም ይሆንብኛል።

አንደኛውን ያነሣችው ልጅቱ ናት። ለልምምድ እንዲሆነን የስደተኛ ቁጥር ይቀነስ የሚል ጽሑፍ ከጋዜጣ ቆርጬ ወስጄላት ነበር። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ ቀላ። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ እናቴን ነው የሚናገራት። ለምንድን ነው የሱን ሐሳብ አሳምሬ የምገልጽለት?» አለችኝ። ዋና ሐሳቡን ጻፊ ስላት የጻፈችው «ስደተኞችን ይጠላል» የሚል ነበር። ጽሑፉ ግን ሁለት ነገር ይላል። በየዓመቱ የሚገባው ሰው ቁጥር ይቀነስ፤ ምክንያቱም በከተሞቹ ቤትና ትምህርት ቤት አልበቃም። አስቀድመው የገቡት ግን ዜግነት ቶሎ ያግኙ። ሁለተኛውን ጨርሳ አላየችውም።

«አሳምሪለት አላልኩም፣ ልጄ፤ አስተካክዪው ነው ያልኩት። ለእሱ ብለሽም አይደለም» አልኳት። እንደገና አነበበችው። ከዚያ በኋላ የጻፈችው መልስ ከመጀመሪያው በጣም የበረታ ነበር። «በከተማው ያሉት ዜጋ ይሁኑ ካልክ ሠራተኛና ግብር ከፋይ መሆናቸውን አምነሃል ማለት ነው፤ ታዲያ ቤትና ትምህርት ቤት የሚሠራው በማን ጉልበትና በማን ግብር ነው?» የሚል ነው። ይህ መልስ ጸሐፊውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ያንኳኳል። «ትጠላለህ» ብትለው ኖሮ «አልጠላም፤ ዜግነት ይሰጣቸው ብያለሁ» ብሎ በቀላሉ ያመልጥ ነበር።

ከዚህም የከፋ ቃል አለ። ሰው በሰው ላይ እንዲነሣ የሚቀሰቅስ፣ ደም የሚያፈስ ቃል አለ። እሱንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ልያዘው? አዎን፤ እሱን በተለይ። በቅስቀሳ የተከሰሰ ሰው ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚያስፈርድበት ከአፉ የወጣው ትክክለኛ ቃል ነው። ያላለውን ጨምረን ስንከሰው፣ ያለውን ይዞ እንዲያመልጥ በሩን እንከፍትለታለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ባህል የሚመጣ ነው። እኛ የሰምና ወርቅ ሰዎች ነን። ላይ ላዩን የተባለውን ብቻ የሚይዝ ሰው በእኛ ዘንድ እንደ የዋህ ይቆጠራል። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አባቴ በደርግ ዘመን፣ ከ1974 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት፣ ጋዜጣ ሲያነብ የተጻፈውን ትቶ ያልተጻፈውን ያነብ እንደነበር ይነግረኝ ነበር። የማን ስም ቀረ? የትኛው ባለሥልጣን ከፎቶግራፉ ጠፋ? እንዲህ ያለው ንባብ ያን ጊዜ ነፍስ ያድን ነበር። ታዲያ «የተባለውን ብቻ ያዝ» የሚለው ትምህርት ጥበባችንን የሚያስጥል፣ ሞኝ የሚያደርግ አይሆንም ወይ?

ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ባህላችን ራሱ ምን እንደሚያዝ እንይ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው መጀመሪያ የሚገባው ንባብ ቤት ነው፤ ፊደሉን፣ ቃሉን፣ የቃሉን ጥሪ አስተካክሎ ሳይዝ ወደ ቅኔና ወደ ትርጓሜ አይሻገርም። ቅኔ ሲዘረፍም ሰሙን ያልያዘ ወርቁን አያገኝም፤ ወርቁ ያለው በሰሙ ውስጥ ነውና። የአንድምታው መምህር «አንድም» እያለ ሐሳቡን ቢያበዛም፣ እያንዳንዱን «አንድም» የሚያያይዘው ከፊቱ ካለው ንባብ ጋር ነው። ስለዚህ ፈተናው የሚጠይቀው ሰሙን ነው፤ ወርቁን የሚከለክል የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። የእኛ ችግር የሚጀምረው ሰሙን ሳንሰማ ወርቅ ስንቆፍር ነው። ያን ጊዜ «ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «ማን ነው ያለው? የማን ወገን ነው?» ወደሚለው እንዘላለን። የሳንሱር ዘመን ያስተማረን ጥንቃቄ፣ ሳንሱር በሌለበት አገር በወንድሞቻችን ላይ ጥርጣሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ሞያው ነው። የማንንም ሐሳብ አስተካክሎ የሚያቀርብ ሰው የራሱ ሐሳብ የሌለው ቅጥረኛ ምላስ አይሆንም ወይ? በአገራችንም ነገር አዋቂ የሚባለው የጥንቱ ተሟጋች፣ በበላ ልበልሃ ሙግት እያዜመና እየተረተ ባላጋራውን ሲረታ፣ ከሚደነቀው ባልተናነሰ ይፈራ ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 ባሳተመው ስለ ነጻነት በተሰኘው መጽሐፉ በዚህ ነገር ላይ ሰፊ ክርክር አቅርቧል። ሲሴሮ የተባለው ሮማዊ ጠበቃ የባላጋራውን ጉዳይ ቢያንስ የራሱን ያህል ያጠና እንደነበር ይጠቅስና፣ ይህ ለጠበቃ ብቻ ሳይሆን እውነትን ለሚፈልግ ሁሉ የሚገባ ነው ይላል። የተቃዋሚውን ምክንያት የማያውቅ ሰው የራሱንም ለምን እንደያዘ አያውቅምና፤ ምክንያቱንም ከሚያምንበት ሰው አፍ መስማት አለበት ባይ ነው።

እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። ፈተናው «ይህ ጸሐፊ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ያለው እውነት ነው? ፍትሕስ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ 180 ያገኘ ሰው ጥሩ አንባቢ መሆኑ ይመሰከርለት ይሆናል፤ ጥሩ ሰው መሆኑ ግን አልተፈተነም። አስተካክሎ የሰማ ዳኛ አጣምሞ ሊፈርድ ይችላል። አጣሞ የሰማ ዳኛ ግን አስተካክሎ ቢፈርድ እንኳ በአጋጣሚ ነው። እንግዲህ መረዳት የፍርድ መሠረት ነው፤ ቤቱን ግን ገና መሥራት አለብን። ልጆቻችንን ለፈተናው ስናዘጋጅ ይህን ካልነገርናቸው ግማሹን ብቻ አስተምረናቸዋል።

አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚችሉ የሚገልጽ ነበር፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። «ይችላሉ» እና «አለባቸው» በሚሉት ቃላት መካከል የነበረው ልዩነት ለጦርነቱ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ፤ በ1896 በዓድዋ ስንት ሺህ ሰው ወደቀ። በኤልሳትም ላይ ብዙውን ተፈታኝ የሚጥለው ይኸው «ይችላል» ከ«ይገባል»፣ «አንዳንድ» ከ«ሁሉ» ጋር መምታታቱ ነው።

ዛሬም በየስደተኛ ጉዳይ ችሎቱ የሚቆመውን አስተርጓሚ አስቡት። የሞያው ደንብ እንዳይጨምር፣ እንዳይቀንስ ያዝዘዋል። ባለጉዳዩን ሊወደው ወይም ሊጠላው ይችላል፤ ከየትኛው ክፍለ ሀገር እንደመጣም ያውቅ ይሆናል። ሰውየው «ሁለት ጊዜ ታሰርኩ» ሲል አዝኖለት «ብዙ ጊዜ ታሰረ» ብሎ ቢተረጉም፣ ቀድሞ በጽሑፍ ካቀረበው ቃል ጋር ይጋጭና ባለጉዳዩ ውሸታም ይባላል። በርኅራኄ የተጨመረ ቃልም እንደ ክፋት ቃል ሰው ይጎዳል። እኛ ሁላችን የሌላውን ሰው ቃል ወደ ሦስተኛ ሰው በወሰድን ቁጥር አስተርጓሚዎች ነን።

ስለ ልምምዱ የጠየቃችሁኝ ወላጆች ስላላችሁ የምንሠራበትን መንገድ ባጭሩ ላስቀምጥ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰዓት አትያዙ፤ ፍጥነት ከመረዳት በኋላ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ አንቀጽ ሲያልቅ ልጁ አንቀጹ ምን እንደሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢችል በአማርኛ፣ ይንገራችሁ። ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ያልገባውን ቦታ ወዲያው ያጋልጠዋል። የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ ጸሐፊው ነው ወይስ ጸሐፊው የጠቀሰው ሰው፣ በየመስመሩ ይለይ። መልስ ሲመርጥ «ይመስለኛል» አይበቃም፤ መልሱ የቆመበትን መስመር በጣቱ ያሳይ። የጣላቸውን አራቱንም ለምን እንደጣላቸው ይናገር። የተሳሳተውን ጥያቄ በማግስቱ መልሱን ሳያይ እንደገና ይሥራው። ይህ ሁሉ ሲለመድ ያን ጊዜ 35 ደቂቃውን ያዙ። ለክፍያው የሚቸገር ካለ ደግሞ አዘጋጁ ምክር ቤት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተፈታኞች ክፍያ የሚያነሣበት ደንብ አለው፤ በነጻ የሚገኙ የቀድሞ ፈተናዎችም አሉ፤ ሳይጠይቁ አይቅሩ።

ውጤቱን ግን የልጃችሁ ዋጋ አታድርጉት። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ በዚያ ምክንያት ብቻ ተጨማሪ ደቂቃ አይሰጠውም። ቀን ሠርቶ ማታ የሚያጠናና አስጠኚ ተቀጥሮለት የሚያጠና በአንድ ሰዓት ይለካሉ። ቁጥሩ ይህን ሁሉ አይናገርም። እኔ ይህን ልምምድ የምወደው ከቁጥሩ ይልቅ በሰው ላይ ስለሚያሳድረው ልማድ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ፈተናውን ገና አልተፈተነችም። እናቷ ግን በቅርቡ «ድሮ ስንጣላ ትጮህብኝ ነበር፤ አሁን ‹እማዬ፣ እንዲህ ማለትሽ ነው?› ብላ ትጠይቀኛለች» አለችኝ። ይህን ውጤት በየትኛው ነጥብ እንለካዋለን?

ይህንኑ በየቤታችሁ ሞክሩት። በማትስማሙበት ነገር ላይ ስትነጋገሩ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የሌላውን ሐሳብ በራሳችሁ አፍ ንገሩት። እሱም «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ካለ በኋላ ብቻ መልሳችሁን ጀምሩ። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ይህ ደንብ ቢገባ ስብሰባው ይረዝም ይሆናል፤ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ባለው ስልክ የሚጠፋው ጊዜ ግን ያጥራል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የማትስማሙ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። «ጠላትን መረዳት ትርፉ መዘናጋት ነው» የምትሉ፣ ወይም «ሰምና ወርቃችንን በፈረንጅ ፈተና ለወጠብን» የምትሉ አትጠፉም። ለመጽሔቱ ጻፉ፤ አነባለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ያልኩትን ጻፉልኝ፤ ቀጥላችሁ ንቀፉኝ።